የወንጀል ዜና ሂሳብ ከፋዩ ማነው?

የወንጀል ዜና ገበያ አጥቶ አያውቅም። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን አንባቢው ከኪሱ ከፍሎ ይገዛው ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት ለሚወጣው ግን አንባቢው ለአዘጋጁ ምንም አይከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። እንግዲህ እውነተኛው ደንበኛ የደብረ ብርሃኑ ብርድ ልብስ ነጋዴ፣ የአንኮበሩ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነው ማለት ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የተጠርጣሪ ስምና ፎቶግራፍ አንባቢ ይስባል፤ አንባቢው ደግሞ ማስታወቂያ ይስባል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ሰጥቶታል። ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ስሙ አንዴ የወጣ ነጋዴ በነፃ ቢለቀቅም ዱቤ የሚሰጠው ያጣል።

ስለዚህ አስነጋሪው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ይህን ይዋዋል፦ ፍርድ ሳይሰጥ ስም አይውጣ፤ በነፃ የተለቀቀም በዚያው ስፍራ ይነገርለት። ነገ የሚወጣው የእሱ ስም ሊሆን ይችላልና።