ጎራ ከመለየት በፊት ጎራ ማለት

ዋጃ የሚለውን ስም ያልሰማ የዜና ተከታታይ የለም። ከ2013 ወዲህ የከተማዋ ስም ከአላማጣና ከኮረም ጋር እየተጣመረ በመግለጫ፣ በክርክርና በስድብ መሀል ሲመላለስ ኖሯል። «የእኛ ናት» የሚል ሞልቷል። ከዚህ ሁሉ ተሟጋች ውስጥ ግን ዋጃ ወርዶ ሻይ የጠጣ እጁን ያውጣ ቢባል ስንት እጅ ይነሳል?

መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ መቀሌ የሚገባው ዋናው አስፋልት ቆቦን አልፎ ወደ አላማጣ ሲያቀና ዋጃን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ለአሥርት ዓመታት ባለሥልጣኑ፣ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ሁሉ በዚያ አልፏል። አልፏል እንጂ አልቆመም። ደሴ ወይም ወልድያ ያደረ መንገደኛ ቆቦ ሜዳ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ይበረታበታል፤ የአውቶቡሱን መጋረጃ ስቦ እንቅልፉን ይለጥጣል። የነቃ ዕለት አላማጣ ነው። ያ ሰው ማታ ስልኩን ከፍቶ ስለ ራያ ማንነት ሲያስተምር ያመሻል።

መጋረጃውን ቢገልጠው ምን ያይ ነበር? በምዕራብ በኩል እንደ ግድግዳ የቆመውን የደጋ ተራራ፣ በምሥራቅ የዞብልን ሰንሰለት፣ በመካከላቸው ደግሞ የተዘረጋውን ሜዳ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት ይበልጣል። የዚህ ሜዳ ምሥጢር ግን ያለው ከላይ ነው። ዝናቡ በብዛት የሚወርደው ተራራው ላይ ነው፤ ቆላው የሚጠጣው ከዚያ የሚመጣለትን ጎርፍ ነው። ገበሬው ሌላው የሚሸሸውን ጎርፍ ጠልፎ፣ በቦይ መርቶ ማሳው ውስጥ ያስገባዋል። ሰማዩ በጠራበት ሰዓት የደረቀ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ሲመጣ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ያን ውኃ ሲጠብቁ ያመሹ ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ሲሮጡ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ያየ ሰው «ራያ» ማለት በካርታ ላይ የተቀባ ቀለም ብቻ አይመስለውም።

ቋንቋውስ? በራያ ገበያ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ እየተወራረሱ ኖረዋል፤ ከምሥራቅ ግመሉን እየነዳ የሚመጣው አፋርም የራሱን ይጨምራል። አንድ ሰው በአንዱ ቋንቋ ተከራክሮ በሌላው ይስቃል። ስልክ ላይ ሆኖ «ጥርት ያለ» ማንነት ለሚያድል ሰው ከዚህ ገበያ የተሻለ መልስ የሚሰጠው የለም። ነሐሴ ላይ ወደ ቆቦ ጎራ ያለ ደግሞ ልጃገረዶቹ ሶለል ሲጨፍሩ ይደርሳል፤ ያው በዓል ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ዋግ ላይ ሻደይ፣ ትግራይ ውስጥ አሸንዳ ይባላል። ፖለቲካው የለያየውን ልጃገረዶቹ በአንድ ቄጠማ ታጥቀውት ይገኛሉ።

ትንሽ ወደፊት ለሚገፋ አላማጣን እንዳለፈ የግራካሱ ጠመዝማዛ አለ። መኪናው አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቶ ኮረም ሲደርስ ሸሚዝ ያስወለቀው ሙቀት ጋቢ ያስለብሳል። ከኮረም ወዲያ የሐሸንጌ ሐይቅ ይጠብቃል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የተዋጋው ጦር ሲመለስ የጣሊያን አውሮፕላኖች መርዝና ቦምብ ያዘነቡበት በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ነው። ከየአቅጣጫው መጥቶ እዚያ የወደቀው ሰው የየትኛው ክልል እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን በጉዞ ዝርዝር ውስጥ አይገባም? አንዱ ጥፋት የቱሪዝም አስተሳሰባችን ነው። «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር ባለቤት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአውሮፕላን ያገናኘ ታሪካዊ መስመር ተዘረጋ። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር። የተሳለው ግን መስመር ሳይሆን ነጥብ ነው፤ በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ሕዝብ ከደመና በታች ቀረ። ዛሬም በገበታ ለሀገር ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ለምተዋል፤ እሰየው። ነገር ግን አጥርና በር ያለው ሪዞርት የመንገዱን ዳር አይመግብም። እንግዳው በሩን አልፎ ገብቶ፣ በልቶና ዋኝቶ ይወጣል፤ የዋጃዋ ቡና አፍይ ሲኒዋን አጥባ ትጠብቃለች። ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ታይቷል። በመቄት ወረዳ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች ገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ በእግር የሚመጣውን መንገደኛ ተቀብለው ገቢውን ለማኅበረሰቡ አድርገዋል።

«ሰላም በሌለበት ስለ ምን ጉብኝት ይወራል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ራያ ከ2013 እስከ 2015 በጦርነት ተመላልሶበታል፤ ከዚያ በኋላም እፎይ አላለም። ጥይት በሚጮህበት መንገድ ማንም ማንንም ሂድ ሊል አይገባም። ሆኖም ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመንም የቆመ አልነበረም፤ ስለዚህ ጦርነቱ ሁሉንም ሰበብ አይሸከምም። ሁለተኛ፣ ለከተሜው የቀረበት ሽርሽር ነው፤ ለዋጃው ሰው ግን የዘመድ ለቅሶ፣ የልጅ ሠርግና የገበያ ቀን ነው የቀረበት። የሰላም መለኪያው መግለጫ አይደለም። አንድ እንግዳ ዋጃ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ግመል ፎቶ አንስቶ፣ «ከየት ነህ? የማን ነህ?» ሳይባል ከተመለሰ፣ ያን ቀን ሰላም ነው።

«ድብቅ ገነት አገኘን» እያሉ ቪዲዮ የሚለቁትም ይስሙ። ለሚኖርበት ሰው ድብቅ አገር የለም። የተደበቀው ከአላፊው ዓይን ነው። ጎራ ያለ ሰው ሳያስፈቅድ ካሜራ አይደግንም፤ ሲበላ ይከፍላል፣ ሲጠይቅ መልሱን ይሰማል።

በ1980ዎቹ አከላለል ቆቦ ወደ አማራ፣ ዋጃና አላማጣ ወደ ትግራይ ተደለደሉ፤ ዛሬ ሁለቱም ክልሎች ይገባናል ይላሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት አወዛጋቢ ቦታዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት እልባት ያግኙ ይላል። በየትኛውም መንገድ ቢፈታ፣ ከውሳኔው ጋር የሚኖረው በስልክ የሚጮኸው ሰው አይደለም፤ ያ ጎርፍ ጠባቂ ገበሬ ነው።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላል ተረቱ። ዘንድሮ ግን ያላዩትን አገር መናፈቅ ቀርቶ የሰው ልጅ እንዲሞትለት መፍረድ ቀሏል። መንገዱ በተከፈተ ዕለት ወደ መቀሌ የሚወጣውም ወደ ወልድያ የሚወርደውም አንድ ሰዓት ይቁረጥና ዋጃ ላይ ይውረድ። ቡናውን ይጠጣ፣ ከአዛውንቱ ጋር ስለ ዝናብ ያውራ። ጎራ የሚለይም ካለ ጎራ ብሎ ሲያበቃ ይለይ።