የጾም ማዕድና የድሃው ጎረቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን፥ የአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ፍሬው በሚበቅልበት ምድር ግን በቀን ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ ጠዋትም ማታም በቆሎ ብቻ ቀምሶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ሆድ ይሞላል፤ ሰውነት ግን አይጠገንም።

ታዲያ ገቢው ያነሰ ሰው ለጤና የሚበጅ ማዕድ የለውምን? ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በባቢሎን የንጉሡን መብል ትተው ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ቢወስዱ፥ ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኝቷል (ዳን. 1)። በጋሞም ይህን የሚመስል ማዕድ አለ። የሽፈራው ቅጠል ከበቆሎ ሊጥ ጋር ተቀቅሎ ኩርኩፋ ሲሆን፥ በቆሎው የሚጎድለውን ቅጠሉ በብረት ማዕድንና በቫይታሚን ኤ ያሟላዋል። ባቄላ ወይም ቦሎቄ ሲታከልበት ገንቢ ምግብ ይሆናል፤ ሁሉም የጾም ምግብ ነው። አንዳንዶቻችን ግን ይህን «የድሃ ምግብ» ብለን ንቀን፥ የጾም ገበታችንን በጥብሳ ጥብስና በጣፋጭ እናስጌጣለን። እንዲህ ያለው ጾም ከፍስኩ ይልቅ ወጪ ያስወጣል።

ይሁን እንጂ ድሃውን «ሽፈራው ብላ» ብሎ ማሰናበት ፍቅር አይደለም። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ጓሮ የለውም፤ ከሥራ መሽቶባት የምትመለስ እናትም ባቄላ ለመቀቀል ማገዶውም ጊዜውም ያጥራታል። ስለዚህ ምክራችን ከእጃችን ጋር ይሂድ። በግእዝ ተተርጉሞ የቆየልን የሄርማ መጽሐፍ፥ የሚጾም ሰው ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለትና ለድሃ አደግ እንዲሰጥ ያስተምራል።

እኛስ? በየረቡዕና ዓርቡ ያተረፍነውን አሰባስበን ጥራጥሬ ብንገዛ፥ በአንድ ማገዶ በአንድነት አብስለን ብናካፍል፥ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሽፈራው ተክለን ቅጠሉን ለሚሻ ሁሉ ብንፈቅድ ይቻለናል። የታመሙ፥ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ስለ ጾማቸው የንስሓ አባታቸውን ይጠይቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ለደካማ ትራራለችና።

ጎረቤታችን ጦሙን እያደረ የእኛ ጾም እንዴት ሙሉ ይሆናል? አምላከ ቅዱሳን ጾማችንን ከምጽዋት ጋር አዋሕዶ ይቀበልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።