ተሸካሚውስ አየር አያጥረውም?

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ ሂማላያ ተራሮች ስንማር፣ አንዳንዶቻችን «የኔፓል ተሸካሚ ከፍታውን ለምዶታል፤ አይነካውም» ብለን ተከራክረን ነበር። ተሳስተናል።

ከናምቼ (3,440 ሜትር) እስከ ቴንግቦቼ የአንድ ቀን መንገድ ነው። መጀመሪያ እስከ ዱድ ኮሲ ወንዝ ቁልቁል፣ ከዚያ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ! ቱሪስቱ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ያለከልካል፤ ተሸካሚው 30 ኪሎውን በግንባሩ ጠፍር አንጠልጥሎ ይወጣል። ብዙዎቹ ተሸካሚዎች እኮ ሼርፓዎች አይደሉም፤ ዝቅ ካለው አገር የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ራስ ምታቱ፣ ማስመለሱ፣ ሳንባ ውስጥ ውኃ መቋጠሩ እነሱንም ያገኛቸዋል። ዋናው መድኃኒት ደግሞ ቶሎ ወደ ታች መውረድ ነው።

ታዲያ እንጀራው በሸክሙ የሆነ ሰው «አመመኝ፣ ልውረድ» ይላል? የጉዞው መሪ ነው ማታ ማታ እየዞረ መጠየቅ ያለበት፤ ያውም ከቱሪስቱ አስቀድሞ።