ልጅን ስለ መጠበቅና ጥንቃቄን ስለ ማስተማር

በከተማ የሚኖሩ አንዳንድ አባቶች፥ የቀደሙት ወላጆች የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ለእረኝነት ወደ ሜዳ፥ ለትምህርትም ወደ ሰው አገር መስደዳቸውን እየጠቀሱ «ልጁን ለጅብና ለውሻ ሰጡት» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በአንጻሩ ተነሥተው «ሰው ያደረገን ረኀቡና ውሻው ነው» እያሉ ይመካሉ። ነገሩን ሁለቱም አላስተዋሉትም። ከሳሹ ጭካኔ ያለው ነገር ሥርዐት ነበረው፤ ተመኪው የሚያመሰግነውም መከራ ማንንም አላስተማረም።

ቅኔ የቈጠረ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳዋል። የቅኔ መምህር አዲሱን ተማሪ በመወድስ አይጀምረውም። ሁለት ቤት ባለው በጕባኤ ቃና ይጀምረዋል፤ ከዚያም ሦስት ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ ያሳልፈዋል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ብዙ ከተቈጠረ፥ ብዙም ከተነቀፈ በኋላ ነው። የገጠር ወላጅም አደጋን ለልጁ ያስተማረው በዚሁ መንገድ ነበር። ሕፃኑ መጀመሪያ በደጅ፥ እናቱ በምታየው ስፍራ፥ ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ጥቂት ሲጠና ከታላላቆቹ ጋር በግና ፍየል ያሰማራል፤ ከብት ነድቶ ወደ ሩቅ መስክ የሚወርደው ደራሽ ውሃ ከላይ ሲያጓራ ፈጥኖ ከወንዝ መውጣትን ካወቀ በኋላ ነው።

የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ ለቀለብ ሲወጣ፥ አዲሱ ልጅ የነባሩን ተማሪ ጀርባ ይከተላል። ከአጥር ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለትን፥ ውሻ ሲመጣበት አለመሮጥን፥ ዱላውን ከፊቱ ይዞ ቀስ ብሎ ማፈግፈግን ከእርሱ ይማራል። መንገድ ላይ ሲመሽበት በጫካ አያድርም፤ ወደ ሰው ደጅ ቀርቦ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ይላል። «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ የሚመልሰው ባለቤትም የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር፤ ይህን የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው። ልጁ ራሱን የቻለው፥ እርሱ የተማረውን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ «መከራው ሰው አደረገን» የሚለው መልስ ይስጥ። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. በክትባትና በብርቱ ክትትል ነው እንጂ በልጆች ጽናት አይደለም። ንዳድና ተስቦ በሰው አገር ያስቀሯቸው ተማሪዎች ወጥተው አይመሰክሩም፤ የሚመካው የተረፈው ነው። ከትምህርት የኮበለለውን ልጅ በእግር ብረት ማሰርም ጥንቃቄን ማስተማር አልነበረም።

ስለ ሴት ልጅስ ምን ይባላል? ውሃ ስትቀዳ፥ እንጨት ስትለቅም ከጓደኞቿ እንዳትለይ ትመከር ነበር። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠላፊ የመጣ እንደ ሆነ ከእግሯ ፍጥነት በቀር ብዙ መጠጊያ አልነበራትም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው ተጠላፊዋን ቢያገባት ከክስ የሚድንበትን በር ትቶለት ነበር፤ ያ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። ልጅቱን «ሩጪ» ብሎ አስተምሮ ለአሳዳጇ መውጫ ማበጀት ምን ዓይነት ጥበቃ ነው?

የከተማው አባትም ከዚህ ክርክር ነፃ አይወጣም። በር ዘግቶ ያሳድጋል፤ ልጁን በመኪና ወስዶ በመኪና ይመልሰዋል። ልጁም ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው በቤቱ ፊት ያለውን መንገድ ብቻውን መሻገር አያውቅም፤ የአባቱን የስልክ ቍጥር እንኳ በቃሉ አልያዘም። መኪናው ከውሻው የከፋ ነው ቢባል እውነት ነው፤ የከፋውን ግን አስቀድሞ ማስተማር በተገባ ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ሩቅ አገር ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ፥ ጕባኤ ቃና ያልቈጠረው ይህ ልጅ በአንድ ሌሊት መወድስ እንዲዘርፍ ይጠየቃል። እንዲህ የሚያደርግ የቅኔ መምህር ቢገኝ ጕባኤው በተፈታበት ነበር።

ከቤት እስከ ሰፈሩ ሱቅ ያለው መንገድ ሁለት ቤት ነው። የመጀመሪያውን ቀን አባትየው እጁን ይዞ ሊወስደው፥ በሁለተኛው ቀን ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ሊያየው ይችላል።