ወረርሽኝን በምን እንለካው? ከጅማ የቡና ከተሞች አንጻር

የሀገራት የኮሮና ምላሽ ሲነጻጸር ዘወትር የሚቀርበው የታማሚና የሟች ቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ይህ መለኪያ ብቻውን ያሳስታል። ብዙ የመረመረ ሀገር ብዙ ታማሚ ያገኛል፤ እንደ ታንዛኒያ በ2012 ዓ.ም. ቁጥር ማውጣቱን ያቆመ ግን ጤነኛ ይመስላል። በጸሐፊው እምነት የተሻለው ጥያቄ፣ መንግሥት ከዕለት ሠራተኛው ምን ጠየቀ፣ በምትኩስ ምን ሰጠው የሚለው ነው።

ሩዋንዳና ደቡብ አፍሪካ በመጋቢት 2012 ሕዝባቸው ከቤት እንዳይወጣ ከለከሉ። ሩዋንዳ ግን በኪጋሊ ለችግረኞች ቤት ለቤት ምግብ አደለች፤ ደቡብ አፍሪካም ለሥራ አጦች በወር 350 ራንድ ድጎማ ጀመረች። ኡጋንዳ በአንጻሩ ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጥር 2014 ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ሕፃናት ናቸው። ኢትዮጵያ መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ብታውጅም እንቅስቃሴን ሙሉ በሙሉ አልዘጋችም፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለች፤ የሕዝብ ማመላለሻም በግማሽ እንዲጭን አዘዘች።

አለመዝጋቱ ተገቢ እንደ ነበር ለመረዳት አጋሮን ወይም ሊሙ ገነትን በለቀማ ወራት ማሰብ ይበቃል። የቀላ እሸት ቡና ቀጠሮ አይሰጥም፤ በጊዜው ካልተለቀመ ዛፉ ላይ ይደርቃል። ለቃሚው የሚከፈለው በለቀመው ልክ ስለሆነ፣ ከሥራ የቀረበት ቀን እንጀራ ያጣበት ቀን ነው።

ይሁን እንጂ አለመዝጋት ብቻውን ፖሊሲ አይደለም። የሰው ቁጥር ብቻ የሚገድብ ደንብ፣ በዛፎች መካከል ተራርቆ የሚለቅመውንና ማታ በጠባብ ክፍል ተጨናንቆ የሚያድረውን አይለይም። ከዚህም በላይ፣ ቢታመም የዕለት ገቢውን የሚተካለት የሌለው ለቃሚ ሕመሙን ይደብቃል። ክትትል የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የቀጣዩ ወረርሽኝ ዝግጅት ከለቃሚው መጀመር አለበት፦ አየር የሚዘዋወርበት ማደሪያ፣ ያልተጨናነቀ መጓጓዣ፣ ለታመመ ለቃሚ የቀን ገቢ ማካካሻ። ለዚህ የሚሆን መሠረት አለን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እድሮች፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት። ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት የሚገናኝበት የቡና ሥርዓትም ከሚወገዝ የምክር መድረክ ቢሆን ይሻላል።

አያቶቻችን የ1911ዱን ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ብለውታል። ኅዳር በጅማ የቡና ለቀማ ወር ነው። ቀጣዩ በዚያው ወር ቢመጣ፣ ለቃሚውን ሥራ ወይስ ጤና ብለን እንዳናስመርጠው ከአሁኑ እናስብበት።