ማሞቂያ በምክር አይሞቅም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ የሜሪላንድን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ በአጭሩ ዘጋው፦ ባልቲሞር ለአንድ ተማሪ ብዙ ገንዘብ ታወጣለች፣ ልጆቿ ግን ማንበብ አቅቷቸዋል፤ ስለዚህ ገንዘብ ፋይዳ የለውም፣ ወላጅ ይጠንክር።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የባልቲሞር ልጆች ማሞቂያ በተበላሸባቸው ክፍሎች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠው ነበር፤ ኋላም ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ። ወላጅ የቱንም ያህል ቢጠነክር ማሞቂያ አይጠግንም። ደግሞስ ድህነት በበዛበት ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ነርሱ፣ አማካሪው፣ የንባብ አስጠኚው ሁሉ ከበጀቱ ነው። ሀብታሙ ወላጅ ግን አስጠኚም ሆነ አማካሪ ከኪሱ መቅጠር ይችላል። የቤት ዋጋ በረከሰበት ካውንቲ ያው የቤት ግብር ምጣኔ የሚያስገባው ገንዘብ ያነሰ መሆኑን ጸሐፊው ዘለሉት።

«ተጠያቂነት የሌለው ብር» ያሉትስ? የሜሪላንድ ምክር ቤት የያኔውን ገዢ የላሪ ሆጋንን ቬቶ ሽሮ በ2021 ሕግ ያደረገው የትምህርት ማሻሻያ የራሱ ተቆጣጣሪ ቦርድ አለው። ቢያነቡት ጥሩ ነበር። የጀማሪ መምህር ደመወዝ ቢያንስ 60,000 ዶላር እንዲሆን መደንገጉም ቅንጦት መስሏቸዋል። እስቲ በዚያ ደመወዝ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ቤት ይከራዩበት!

እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የተመደበውን ተጨማሪ በጀት ደግሞ «ግብር ለማይከፍሉ ስጦታ» ብለውታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ልጆቿን የምታሳድገው ሐበሻ ከደመወዟ ግብር ይቆረጥባታል። የቤት ግብሩንም ቢሆን አከራይዋ ከኪራዩ ጋር ደምሮ በየወሩ ይቀበላታል።