«አገርህ ግባ፣ ይለቅሃል»፦ ለአንድ የተለመደ ምክር የቀረበ ምላሽ

በፍራንክፈርት አም ማይን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ድንገት ልቡ ሲደልቅ፣ ትንፋሹ ሲያጥረው፣ እጁ ሲደነዝዘው፣ «አሁን ልሞት ነው» የሚል ፍርሃትም ሲመላለስበት ከወዳጅ ዘመድ የሚሰማው ምክር ብዙም አይለያይም። የልብ ምርመራው ንጹሕ ከሆነ «ምንም የለብህም» ይባላል። ያመጣብህ ብርዱ፣ ብቸኝነቱና የፈረንጅ አገር ሩጫው ነው፤ ባቡሩ ይቅርብህ፣ ብቻህን አትውጣ፣ ጸሎትህን አጠንክር ይባላል። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ከሄድህ ወረቀትህ ይበላሻል፣ ኪኒኑም ሱስ ያስይዝሃል ይባላል። የምክሩ ሁሉ ማሰሪያ ደግሞ አንድ ነው፤ «አገርህ ግባ፣ ይለቅሃል»።

ይህን የሚመክሩት ታላላቆቻችን የሚከበሩ ናቸው፤ ምክራቸውም ከፍቅር የመጣ ነው። እውነት የሌለበትም አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ መጠበቅ፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ከቤተሰብ መለየት ሰውን እንደሚያስጨንቁ አልክድም። የምቃወመው ከዚህ እውነት የተወሰደውን ድምዳሜ ነው። ምክሩ የበሽታውን መንሥኤ ቦታ ላይ ስለሚያኖር ፈውሱንም ከቦታ በመራቅ ይፈልጋል። ፓኒክ አታክ የምንለውን ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት የሚያኖረው ግን መራቁ ራሱ ነው። የምክሩን ክፍሎች አንድ በአንድ እመረምራለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ «የፈረንጅ አገር በሽታ ነው»

ይህን አባባል መረጃ አይደግፈውም። በ2016 የታተመና 25 አገሮችን ያካተተ ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ከመቶ ሰዎች 13 ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ጥቃቱ ተደጋግሞ በሽታ የሆነባቸው ግን ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ከአገሮቹ መካከል ናይጄሪያ፣ ኢራቅና ኮሎምቢያ ይገኛሉ። ቁጥሩ በበለጸጉት አገሮች ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ይሁንና አንድ ነገር አነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም።

«አገር ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይተን አናውቅም» የሚለው ማስረጃም ደካማ ነው፤ አለማየትን ከአለመኖር ጋር ያምታታል። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አድርገው በ1999 ያሳተሙት ጥናት፣ ማኅበረሰቡ የአእምሮ ሕመም ምልክት አድርጎ በብዛት የሚጠቅሰው መለፍለፍን፣ ጠበኝነትንና እንግዳ ባሕርይን መሆኑን ገልጿል። በዚህ መለኪያ ሥራውን እየሠራ፣ ለሰው ሰላምታ እየሰጠ፣ ውስጡ ግን በፍርሃት የሚናጥ ሰው አይታይም። በአገሪቱ ለረጅም ዘመን ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው የአዲስ አበባው አማኑኤልም በሕዝብ ዘንድ «ያበደ የሚገባበት» ተደርጎ ስለሚታሰብ፣ ልቡ ስለመታ ብቻ ወደዚያ የሚሄድ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚሄደው ወደ ልብ ሐኪም፣ ወደ ጨጓራ ሐኪም ወይም ወደ ጠበል ነው። ስለዚህ አላየነውም እንጂ ነበረ።

ሌላም ስሕተት አለ፤ ተከትሎ የመጣን ነገር ሁሉ በቀደመው ነገር እንደመጣ መቁጠር። የፓኒክ በሽታ በአብዛኛው የሚጀምረው ከጉርምስና ማብቂያ እስከ ሠላሳዎቹ ባለው ዕድሜ ነው። ብዙው ሰው የሚሰደደውም በዚሁ ዕድሜ ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ዕድሜ መገናኘታቸው አንዱ ሌላውን እንደወለደ አያረጋግጥም። ደግሞም ሕመሙ ያልተሰደደውንም ሰው ይይዛል፤ በበርሊን ካርል ቬስትፋል የተባለ ሐኪም በ1871 ሰፊ አደባባይ ለማቋረጥ ሲነሡ ሽብር ስለሚይዛቸው ወንዶች ጽፏል። በ1895 ደግሞ ሲግመንድ ፍሮይድ የልብ ምትን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ላብንና መንቀጥቀጥን አንድ ላይ አድርጎ ራሱን የቻለ የጭንቀት ሕመም መሆኑን አስረድቷል። ሁለቱም የጻፉት የእኛ ስደት ገና ሳይታሰብ ነው።

ሁለተኛ፦ «እገሌ አገሩ ገብቶ ለቀቀው»

ይህ ከሁሉ የሚያሳምን የሚመስለው ማስረጃ ነው፤ ሁለት ቀዳዳዎች ግን አሉበት። አንደኛው ጊዜ ነው። ፓኒክ ይብሳል፣ ይረግባል። ሰው ትኬት የሚቆርጠው ደግሞ ሲብስበት ነው። በባሰበት ሰዓት የተወሰደ ማንኛውም እርምጃ፣ ጉዞም ይሁን ሻይ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መርገብ የራሱ ሥራ አስመስሎ ያቀርባል። ሁለተኛው ምርጫ ነው። የተሻለው ሰው ታሪኩን በየግብዣው ያወራል፤ አገሩ ገብቶ በሦስተኛው ወር ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ ያቃተው ግን ዝም ይላል። ከምስክሮቹ ግማሹ ሳይጠየቅ ፍርድ መስጠት በየትኛውም ሸንጎ አያስኬድም።

ሦስተኛ፦ «ምርመራው ንጹሕ ነው፤ እንግዲህ ምንም የለብህም»

የዚህ አስተያየት መነሻ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ስሕተት ነው። መጀመሪያ ልብን፣ የታይሮይድ ዕጢንና የደም ስኳርን መመርመር ግዴታ ነው። አዲስ የደረት ሕመም የያዘው ሰው «ፓኒክ ነው» ብሎ ራሱን ማከም የለበትም፤ 112 ይደውል። የልብ ምርመራ ግን የሚመልሰው የልብን ጥያቄ ብቻ ነው። «ልብህ ጤነኛ ነው» ከሚል ዐረፍተ ነገር «አንተ ጤነኛ ነህ» የሚል አይወጣም።

የሚሆነው ነገር በሥነ ሕይወት የታወቀ ነው። አካል አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል። ትንፋሽ ከሚገባው በላይ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ከዚህም የእጅና የከንፈር መደንዘዝ፣ የራስ መዞር ይከተላል። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ በ1986 እንዳስረዳው፣ ወሳኙ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሰውየው መደንዘዙን የሞት ምልክት አድርጎ ይተረጉመዋል፣ ትርጓሜው ሌላ ፍርሃት ይወልዳል፣ ፍርሃቱ አድሬናሊኑን ይጨምራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ አንዴ የደነገጠ ሰው ደረጃ ሲወጣ የሚመጣውን የልብ ምት እንኳ ይሸሻል። ሦስቱን የቡና ዙር በባዶ ሆድ የጠጣም ካፌይኑ የሚያመጣውን የልብ ምት እንዲሁ ሊያነብበው ይችላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሐሰት ምልክት የለም፤ ሐሰቱ ያለው በትርጓሜው ነው።

አራተኛ፦ «ራቅ፣ ይቅርብህ፣ ብቻህን አትውጣ»

እዚህ ላይ የምክሩ ዋና ስሕተት ይታያል። ከፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ፣ ከሐውፕትባንሆፍ፣ ወደ ኮንስታብለርቫኸ ኤስ-ባን በሚባለው የከተማ ባቡር የምትሄድ ሴት እናስብ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ እንደገባ ጥቃቱ ይጀምራታል፤ በመጀመሪያው ጣቢያ በታውኑስአንላገ ትወርዳለች። ደረጃውን ወጥታ አየር ስታገኝ ይለቃታል። «መውረዴ አዳነኝ» ትላለች። ጥቃት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ በራሱ የሚወርድ ነገር ነው፤ ተቀምጣ ብትቀርም ይለቃት ነበር። በመውረዷ ይህን የማወቂያ ዕድል አጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ኤስ-ባን ትተዋለች፤ ከዚያ የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ ከዚያ ገበያውን፣ በመጨረሻም ያለ እኅቷ ከቤት መውጣትን። ዛሬ ከባቡር እንድትወርድ ያደረጋት አስተሳሰብ ነገ ከአገር እንድትወጣ ይነግራታል። «አገርሽ ግቢ» የሚለው ምክር በታውኑስአንላገ የመውረዱ ትልቁ ቅጂ ነው፤ ሁለቱም የሚያስተምሩት «እዚያ ብቆይ እሞት ነበር» የሚለውን ያልተፈተነ እምነት ነው።

ተቃራኒው መንገድ አዲስ የሐኪሞች ፈጠራ አይደለም። በ1749 በዚህችው ፍራንክፈርት የተወለደው ገጣሚው ጎተ በ1770 ለሕግ ትምህርት ስትራስቡርግ ሲደርስ ከፍታ ያዞረው ነበር። በሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ ብቻውን የካቴድራሉ ግንብ ጫፍ ድረስ ይወጣል፤ ከአናቱ በታች ተቀምጦ ይቆይና መደገፊያ ወደሌለው ጠባብ መቆሚያ ይወጣል። ፍርሃቱን እስኪለምደው ድረስ ይህንኑ ደጋገመ፤ በኋላም ተራራ ሲወጣና ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ ሲወጣ እንደጠቀመው ጽፏል። ዛሬ የባሕርይና የአስተሳሰብ ሕክምና የሚባለው ዘዴ የሚሠራው በዚሁ መሠረት ላይ ነው፤ ልዩነቱ ባለሙያ አብሮ መኖሩ፣ ደረጃ መጠበቁና ትርጓሜው አብሮ መመርመሩ ነው። በ2021 የተሻሻለው የጀርመን የጭንቀት ሕመሞች የሕክምና መመሪያም ይህን ዘዴ ከቀዳሚዎቹ ሕክምናዎች ተርታ ያኖረዋል።

አምስተኛ፦ «እምነቱ ቢጠነክር ኖሮ»

ጸሎት ያጽናናል፤ ከማኅበረ ምእመናን ጋር መቆምም ብቸኝነትን ይሰብራል። ይህን የምቃወምበት ምክንያት የለም። የምቃወመው የጥቃቱን መምጣት የእምነት ማነስ መለኪያ ማድረግን ነው። ፓኒክ ቄሱንም ዲያቆኑንም ያምማል። መለኪያው ትክክል ከሆነ የደም ግፊትና የስኳር በሽታም የእምነት መለኪያ መሆን አለባቸው፤ ይህን ግን ማንም አይልም። ደግሞም ጠበልና ሕክምና ይጣላሉ የሚለው ግምት በአገራችን ተፈትኗል፤ በኢትዮጵያ የአእምሮ ሐኪሞችና የጠበል አገልጋዮች በትብብር ያገለገሉበትን አሠራር የሚገልጽ ጥናት በ2021 ታትሟል። ሕመምተኛን «እመን ወይም ታከም» ብሎ ማስመረጥ ከእምነቱም ከሕክምናውም ያልመጣ ጭነት ነው።

ስድስተኛ፦ «ወረቀትህ ይበላሻል፤ ኪኒኑ ሱስ ያስይዛል»

በዚህ ነጥብ ከፊል እውነት አለ፤ ስለዚህ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 203 የሕመምተኛን ምስጢር ያለ ፈቃድ የሚያወጣ ሐኪምን ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያን ያስቀጣል። የጤና መድን ያለው ሰው ስለ ፓኒክ መታከሙን ሐኪሙ ለውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት አይልክም። በጥገኝነት ሂደት ላይ ያለ ሰው ሁኔታ ግን ይለያል። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከየካቲት 2024 ወዲህ እስከ 36 ወር ድረስ፣ የሚያገኘው ሕክምና በሕግ የተወሰነ ነው፤ ወጪውንም የሚሸፍነው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው። አስተርጓሚ ማቅረብም የጤና መድን ግዴታ አይደለም። እነዚህ እውነተኛ እንቅፋቶች ናቸው። ነገር ግን «መንገዱ ጠባብ ነው» ከሚለው «መንገዱ አደገኛ ነው» የሚል አይከተልም። የመንገዱ ጥበት የሚጠይቀው አስተርጓሚና አጋዥ መፈለግን ነው። በፍራንክፈርት ፋትራን የመሰሉ ለስደተኞች የሥነ ልቦና እርዳታ የሚሰጡ ማኅበራት የተቋቋሙት ለዚህ ነው። መድን ያለውም ከ2017 ወዲህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ለመጀመሪያ ምክክር የመቅረብ መብት አለው፤ ቀጠሮውን በስልክ ቁጥር 116117 መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ለሚጀመረው ሕክምና የሚጠበቀው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ረጅም ነው፤ ይህ ግን በቶሎ ለመመዝገብ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመቅረት አይሆንም።

ስለ ኪኒኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተዋል። ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት፣ ቫሊየምና ታቮርን የመሳሰሉ፣ በደቂቃዎች ያረጋጋሉ፤ ሱስም ያስይዛሉ። ከላይ የጠቀስሁት መመሪያ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ለዚህ ሕመም እንዳይሰጡ የሚመክረው ለዚህ ነው። መመሪያው ከሚፈቅዳቸው መካከል ኤስኤስአርአይ የሚባሉት መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ እንደ ቤንዞዲያዜፒን ሱስ አያስይዙም፤ በድንገት ሲቋረጡ ግን ምቾት ስለሚነሡ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀነሳሉ። የሚያስገርመው፣ ሐኪም ያዘዘለትን «ሱስ ነው» ብሎ የሚተው ሰው ከጓደኛው ኪስ የሚቀበለው እውነተኛውን ሱስ አስያዥ መሆኑ ነው። የተለመደው ምክር ሁለቱን ባለመለየቱ ከሚፈራው አደጋ አይጠብቅም፤ ይልቁንም ወደዚያው ይገፋል።

ማጠቃለያ

ስድስቱ ነጥቦች አንድ ሥር አላቸው፤ ሁሉም «አደጋው ካለህበት ቦታ ነው፣ ከዚያ ውጣ» ይላሉ። ማስረጃው የሚያሳየው ደግሞ አደጋ ያልሆነ የአካል ስሜት እንደ አደጋ ሲነበብና ሲሸሽ በሽታ እንደሚሆን ነው። ይህ ማለት አገር መግባት ክልክል ነው ማለት አይደለም። እናቱን ለመጦር፣ ለመሥራት፣ ለመኖር የፈለገ ይግባ፤ ኑሮው የከበደው ኑሮውን ይለውጥ። ውሳኔው ግን በሕይወቱ ሚዛን ይሁን፤ ለፓኒክ መድኃኒት ተብሎ አይታዘዝ።

ለመካሪዎቻችን የማቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው። ጥቃት የያዘውን ሰው ይዛችሁ አትሩጡ፤ ሐኪም ልቡን ካየው በኋላ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እስኪያልፍ ቆዩ፤ በማግስቱም ያንኑ ባቡር አብራችሁት ተሳፈሩ፤ ቀጥሎ ብቻውን እንዲሞክር ተዉት። ጀርመንኛ የምታውቁ ደግሞ ለቀጠሮው አስተርጓሚ ሁኑት። «አገርህ ግባ» የሚል መካሪ ከዚህ በኋላ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለበት እርሱ ነው፤ የሰው ኑሮ፣ ሥራና መኖሪያ ፈቃድ የሚያስከፍል ምክር በፍቅር መሰጠቱ ብቻ ትክክል አያደርገውም።